ድጎማው ለአራሹ ይድረስ፦ ስለ ጥጥ ገበሬዎች ክፍያ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የግብርና ኮሚቴ፣
ለአሜሪካ ሴኔት የግብርና ኮሚቴ፣
ለአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር፣
እንዲሁም በዚህ አገር ግብር ለምትከፍሉና ድምፅ ለምትሰጡ አማርኛ አንባቢ ወገኖቼ በሙሉ፤

ከለቦክ ከተማ በስተደቡብ በሚገኝ አንድ የቴክሳስ የገጠር ካውንቲ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ የጥጥ ጥቅል ከማሳ ወደ መዳመጫ ማመላለስ ሲሆን፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ፣ አዝመራው በተትረፈረፈበት ዓመትም እስከ የካቲት ድረስ፣ ቀንና ሌሊት በዚሁ መንገድ ላይ ነኝ። ከዚያ በፊት፣ ገና በልጅነቴ፣ በመተማ ቆላ ከእናቴ ጋር ጥጥ እየለቀምኩ በኪሎ ይከፈለኝ ነበር። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጥጥ በእጅ የሚለቀምበትንና ገበሬው ከመንግሥት አንድ ሳንቲም የማይጠብቅበትን አገር፣ እንዲሁም ጥጥ በማሽን የሚሰበሰብበትንና ከዋጋው ጀርባ መንግሥት የቆመበትን አገር ሁለቱንም በቅርብ የማውቅ ሰው ሆኜ ነው።

አቤቱታዬ አንድ ነው። በገጠር ካውንቲዎቻችን ለጥጥ ገበሬ ተብሎ ከግብር ከፋዩ ኪስ የሚወጣው ገንዘብ የሚከተለው መሬቱንና ወረቀቱን እንጂ፣ ፀሐይና አሸዋ እየተፈራረቀበት ጥጡን የሚያበቅለውን ሰው አይደለም። ድጎማው ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ዝናብ በማይታመንበት በዚህ ሜዳ ላይ መንግሥት ከገበሬው ጎን ባይቆም ኖሮ ዛሬ የማውቃቸው ትንንሽ ከተሞች ግማሾቹ እንደሚዘጉ አምናለሁ። የምጠይቀው ገንዘቡ ወደ አራሹ የሚደርስበትን፣ ከደረሰም በኋላ በአራሹ እጅ የሚቆይበትን መንገድ ሕጉ እንዲያበጅ ነው።

የደብዳቤው የእንግሊዝኛ ቅጂ ለኮሚቴዎቹ ተልኳል። በአማርኛም የጻፍኩት በዳላስና በሂውስተን፣ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒያፖሊስና በሲያትል የምትኖሩ ወገኖቼ ታክሲ እየነዳችሁና በሆስፒታል ሌሊት እየሠራችሁ ከምትከፍሉት ግብር ከፊሉ ወደዚህ እንደሚመጣ፣ በእርሻ ሕጉ ላይ እጃቸውን የሚያወጡትም እናንተ የመረጣችኋቸው ሰዎች እንደሆኑ እንድታውቁት ስለምፈልግ ነው። «ዓ.ም.» ብዬ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጻፍኳቸው በስተቀር ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላብራራ። ፋርም ቢል በሚባለው የእርሻ ሕግ ለዋና ዋና ሰብሎች በመንግሥት የሚቆረጥ መነሻ ዋጋ አለ፤ የዓመቱ አማካይ የገበያ ዋጋ ከዚያ በታች ሲወርድ መንግሥት ልዩነቱን ይከፍላል። ጥጥ በ2014 ከዚህ ዝርዝር ወጥቶ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2018 ግን «ያልተዳመጠ ጥጥ» (ፍሬው ገና ከነጩ ጥጥ ያልተለየ) በሚል ስም ተመልሶ ገባና መነሻ ዋጋው በፓውንድ 36.7 ሳንቲም ሆነ። በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ ደግሞ ወደ 42 ሳንቲም ከፍ አድርጎታል። እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንም ጤናማ አእምሮ ያለው ሰው የሚቃወመው አይመስለኝም፤ የተዳመጠ ጥጥ በ2025 አብዛኛውን ጊዜ በፓውንድ ከ70 ሳንቲም በታች ሲሸጥ ወጪውን መሸፈን ያቃታቸው ገበሬዎች ስንት እንደሆኑ መዳመጫው በር ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል።

ችግሩ ያለው ልዩነቱ በምን እንደሚባዛ ላይ ነው። ገበሬው ዘንድሮ ባመረተው ጥጥ አይባዛም። የሚባዛው ቀደም ባሉት ዓመታት በዚያ መሬት ላይ በተዘራው ሰብል ታሪክ ተሰልቶ ለመሬቱ በተመዘገበለት ስፋት፣ እዚህ ቤዝ ኤከር በሚሉት፣ 85 በመቶውና ለዚያው መሬት በተመዘገበው የምርት መጠን ነው። ለምሳሌ 100 ቤዝ ኤከር ያለውና በኤከር 1,000 ፓውንድ ያልተዳመጠ ጥጥ የተመዘገበለት መሬት ቢኖር፣ የገበያው ዋጋም 34 ሳንቲም ላይ ቢቆም፣ ክፍያው ከተቀናሽ በፊት በቀድሞው መነሻ ዋጋ 2,295 ዶላር ነበር፤ በአዲሱ 6,800 ዶላር ይሆናል። በዚያ መሬት ላይ ዘንድሮ ማሽላ ቢዘራበትና አንድም የጥጥ ተክል ባይበቅልበት እንኳ ይህ ክፍያ አይቀርም። በአንጻሩ ቤዝ ኤከር በሌለው መሬት ላይ ጥጥ የዘራ ጀማሪ ገበሬ፣ ዋጋው ሲወድቅበት ከዚህ መርሐ ግብር የሚያገኘው አንዳች ነገር የለም። የ2025ቱ ሕግ አዲስ ቤዝ ኤከር እንዲመዘገብ መፍቀዱ መልካም ነው፤ እሱም ቢሆን የሚመዘገበው ለመሬቱ ነው።

ገንዘቡ ቶሎም አይደርስም። የጥጥ የገበያ ዓመት የሚቆጠረው ከኦገስት 1 እስከ ጁላይ 31 ስለሆነ፣ በ2025 ለተመረተው ሰብል የሚሰጠው ክፍያ ከኦክቶበር 2026 በፊት አይወጣም። በግንቦት ለዘር፣ ለናፍጣና ለማዳበሪያ የተበደረ ተከራይ ገበሬ የባንኩ ቀን የሚደርስበት ከዚያ ብዙ ወራት አስቀድሞ ነው። የራሱ መሬት ያለው ሰው መሬቱን አስይዞ ያንን ጊዜ ይሻገራል፤ ተከራዩ ግን የሚያሲዘው ማሽኑን ብቻ ነው።

ባለፈው የአዝመራ ወቅት መጨረሻ፣ ጥጣቸውን የማመላልስላቸው አንድ አዛውንት ገበሬ ቤታቸው ጋበዙኝና በወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ከሦስት ባለመሬቶች ተከራይተው ያርሳሉ፤ የራሳቸው የሚሉት ቤታቸው የቆመበትን ቦታና ማሽኖቻቸውን ብቻ ነው። በላስቲክ የታሰረ አቃፊ አወጡና ስለ መሬቶቹ ምዝገባ የሚገልጽ አንድ ወረቀት ዘረጉ፤ ከዚያም አንድ ቁጥር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። የጣታቸው ጫፍ የተሰነጠቀ ነበር፤ የማሽኑን ጥርስ የዘጋውን ደረቅ የጥጥ ቅርፊት በእጁ ሲያወጣ የሚውል ሰው ሁሉ ጣቱ እንደዚያ ነው። «ይህ ቁጥር የእኔ አይደለም» አሉኝ፤ «የመሬቱ ነው። እኔ ብሄድ እዚሁ ይቀራል።» በዚያ መሬት ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጥጥ የዘሩት እሳቸው ናቸው። ቁጥሩን የሠራው የእሳቸው ዘር፣ የእሳቸው እዳና የእሳቸው ጀርባ ነው። የተመዘገበው ግን ለአፈሩ ነው፤ የአፈሩ ባለቤት ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

በዚያው አቃፊ ውስጥ የአንደኛው ባለመሬት ደብዳቤ ነበር። ባለመሬቱ በሩቅ ከተማ የሚኖር ወራሽ ሲሆን መሬቱን በዓይኑ ካየው ዓመታት አልፈዋል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ውላቸው በምዕራብ ቴክሳስ እንደተለመደው ከጥጡ አንድ አራተኛውን ለባለመሬቱ የሚሰጥ ነበር፤ አዝመራው ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይጎዳሉ፣ ሲያምር አብረው ይጠቀማሉ። ደብዳቤው ግን ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ኪራዩ በኤከር እየተሰላ በጥሬ ገንዘብ፣ ያውም አስቀድሞ እንዲከፈል ይጠይቃል። ምክንያቱም በአንድ መስመር ተቀምጧል፤ የመንግሥት መነሻ ዋጋ ስለጨመረ መሬቱ የተሻለ ኪራይ ያወጣል ይላል። አዛውንቱ ወደ 42 ሳንቲም የተደረገውን ጭማሪ ገና በዓይናቸው ሳያዩት እንዲከፍሉት ተጠየቁ ማለት ነው።

የሕጉ ፊደል በዚህ ላይ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ክፍያው የሚሰጠው የሰብሉን ኪሳራ ለሚጋራ ሰው ነው፤ መሬቱን በጥሬ ገንዘብ የሚያከራይ ባለቤት ቼኩ በስሙ አይጻፍለትም። ነገር ግን ቼኩ በአራሹ ስም ሲጻፍ ኪራዩ ቀድሞት ይሄዳል፤ አራሹ በአንድ እጁ የተቀበለውን በሌላው እጁ ያስረክባል፣ ድርቅና የዋጋ መውደቅ ሲመጣ ግን ኪሳራው የእሱ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያንን ወራሽ ክፉ ሰው ነው ብዬ አልከስም፤ የሚያደርገው በዚህ አገር ሕጋዊ የሆነውንና ጎረቤቶቹ ሁሉ የሚያደርጉትን ነው። ክሴ በሕጉ ላይ ነው።

ያን ምሽት ወደ ቤቴ ስመለስ በአእምሮዬ የሚመላለሰው አንድ ቃል ነበር፦ እርቦ። ከመሬት አዋጁ በፊት አባቶቻችን ከምርታቸው አንድ አራተኛውን ለባለርስት ሲሰጡ እርቦ አራሽ፣ አንድ ሦስተኛውን ሲሰጡ የሲሶ አራሽ፣ ግማሹን ሲሰጡ የእኩል አራሽ ይባሉ ነበር። የምዕራብ ቴክሳስ ገበሬም በቆየ ልማዱ ከጥጡ አንድ አራተኛ፣ ከእህሉ አንድ ሦስተኛ ለባለመሬቱ ይሰጣል። ሳይተዋወቁ በአንድ ስፍር የተገናኙ ሁለት አገሮች ናቸው። እኛ ከዚያ ስፍር ጋር ምን ያህል እንደታገልን የሚያውቅ አንባቢ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡበት ቀን እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ ያለውን ዘመን የሚያስታውስ አንባቢ፣ ስለ ድጎማ የምናገረውን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳኛል ብዬ እገምታለሁ።

አሜሪካ ይህንን በራሷ ጥጥ ላይ አስቀድማ አይታዋለች። በ1933 የጥጥ ዋጋ ወድቆ ሳለ በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አስተዳደር የወጣው የግብርና ማስተካከያ ሕግ ጥጡን ለሚቀንስ ሰው መክፈል ጀመረ። በዚያው ዓመት በማሳ ላይ የቆመ 10 ሚሊዮን ኤከር ያህል ጥጥ እየተገለበጠ ታረሰ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተክሉን እንዳይረግጡ የሠለጠኑ በቅሎዎች በመስመሩ ላይ አንሄድም ብለው ገበሬውን እንዳስቸገሩ ዛሬም ይነገራል። ገንዘቡ የተከፈለው በውሉ ላይ ለፈረመው ባለመሬት ነበር። ለእኩል አራሾቹ ድርሻቸውን ቆርጦ እንዲሰጥ ይጠበቅበት ነበር፤ ብዙዎቹ አልሰጡም። መሬቱ ሲቀነስ ሰውም ተቀነሰ። ባለመሬቶቹ በተከፈላቸው ገንዘብ ትራክተር ገዙ፤ ለትውልድ አብረዋቸው የኖሩትን አራሾች አስወጥተው በቀን ሠራተኛ ተኳቸው።

በጁላይ 1934 በአርካንሳስ ፖይንሴት ካውንቲ፣ ታይሮንዛ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ አሥራ አንድ ነጮችና ሰባት ጥቁሮች ተሰብስበው የደቡብ ተከራይ ገበሬዎች ማኅበርን የመሠረቱት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ዘመንና በዚያ ቦታ ነጭና ጥቁር በአንድ ማኅበር መቀመጣቸው ብቻውን ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር ነበር፤ ሆኖም ያንን ያህል የገፋቸው የድጎማው አከፋፈል ነው። የ1934 እና የ1935 የጥጥ ውል ሰባተኛው አንቀጽ ባለመሬቱ በተቻለ መጠን ተከራዮቹን ይዞ እንዲቆይ ይጠይቅ ነበር። አንቀጹ ለአራሾቹ በሚጠቅም መንገድ እንዲተረጎም የሞከሩት የግብርና መሥሪያ ቤቱ የሕግ ባለሙያዎች ግን በፌብሩዋሪ 1935 ከሥራቸው ተሰናበቱ። ክቡራን የኮሚቴ አባላት፣ ይህ በእናንተው መዝገብ ቤት ያለ ታሪክ ነው።

በአገራችንም በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ በአርሲ ጭላሎ የተጀመረው ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ድርጅት ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። ድርጅቱ ለትንሹ ገበሬ ብሎ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አቀረበ፤ ምርቱ አደገ፤ መሬቱ ዋጋ አወጣ፤ ባለርስቶቹም ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ አስወጡ። ለአራሹ የታሰበ እርዳታ መሬቱን ውድ ሲያደርገውና መሬቱ የአራሹ ሳይሆን ሲቀር የሚሆነው ይኸው ነው፤ በአርሲም ሆነ በአርካንሳስ።

ወደ ዛሬው ሕግ ልመለስ፤ የክፍያው ጣሪያ ጉዳይም አለ። አንድ ሰው በዓመት መቀበል የሚችለው 125,000 ዶላር የነበረው በ2025 ሕግ 155,000 ሆኗል፤ ከዋጋ ንረቱ ጋርም እያደገ ይሄዳል። ጣሪያው ግን የሚቆጠረው በእርሻው ሳይሆን በሰው ነው፤ በሽርክና የተመዘገበ እርሻ በሸሪኮቹ ቁጥር ልክ ጣሪያ ይኖረዋል። የ2018ቱ ሕግ የወንድምና የእህት ልጆች፣ የአጎትና የአክስት ልጆች ሳይቀሩ እንደ ቤተሰብ ሸሪክ እንዲቆጠሩ ፈቀደ፤ የ2025ቱ ኃላፊነታቸው የተወሰነ ኩባንያዎችንም በዚሁ መንገድ እንዲታዩ አደረገ። ስድስት ሸሪኮች ያሉት እርሻ 930,000 ዶላር ድረስ ሊቀበል ይችላል። ከስድስቱ ውስጥ አንድም ቀን በማሳው ላይ ታይተው የማያውቁ ሊኖሩ ይችላሉ፤ «በአስተዳደር ይሳተፋል» የሚል ወረቀት ከተሞላላቸው በቂ ነው። እንዲህ ያለው እርሻ የመሬት ኪራይ ጨረታ ላይ ሲቀርብ ከአዛውንቱ ጋር የሚፎካከረው በመንግሥት ገንዘብ ነው።

የሰብል መድንም እንዲሁ ነው። መንግሥት ከአረቦኑ በአማካይ ከመቶ ስድሳውን ያህል ይከፍላል፤ በዚህ ላይ ጣሪያ የለም፤ ማን ምን ያህል እንደተደጎመም በስም አይገለጽም። በ2022ቱ ድርቅ በቴክሳስ ከተዘራው ጥጥ ከግማሽ በላዩ ሳይለቀም ሲቀር፣ ባዶ መኪናዬን አቁሜ ለወራት ሥራ ፈትቼ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ያን ዓመት ገበሬውን ያቆመው መድኑ ነው፤ ስለዚህ መድኑ ይነሳ አልልም። ነገር ግን በመነሻ ዋጋ የሚከፈለው ገንዘብ ተቀባዮች ስም ከ1995 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ፣ ኢንቫይሮንሜንታል ወርኪንግ ግሩፕ የተባለው ተቋም በየካውንቲው ለይቶ ማንም እንዲያየው ሲያቀርበው ኖሮ፣ የመድኑ ድጎማ ብቻ ለምን እንደሚሸፈን አይገባኝም።

እዚህ ላይ ከራሴ ጋር ረዥም ጊዜ የተሟገትኩበትን ነገር መደበቅ አልፈልግም። ቀላሉ መፍትሔ ክፍያው ዘንድሮ ጥጥ ለዘራው ሰው፣ በዘራው ልክ ይሰጥ ማለት ነበር። ይቻላልም፤ በዲሴምበር 2024 የጸደቀው የ10 ቢሊዮን ዶላር እርዳታ ለጥጥ በኤከር 84.74 ዶላር ሲመደብ መሠረት ያደረገው በ2024 የተዘራውን እንጂ ቤዝ ኤከርን አልነበረም። ነገር ግን በዘሩት ልክ መክፈል በየዓመቱ ቢለመድ ብዙ መዝራትን ይጋብዛል፤ ብዙ ሲዘራ የዓለም ዋጋ ይወርዳል፤ አሜሪካ አብዛኛውን ጥጧን ወደ ውጭ ስለምትልክ የወረደው ዋጋ ቤቱ ድረስ የሚሄደው ሌላ ገበሬ ዘንድ ነው።

ይህ ግምት አይደለም። ብራዚል በሴፕቴምበር 2002 በዓለም ንግድ ድርጅት የጀመረችው ክርክር የአሜሪካ የጥጥ ድጎማ የዓለምን ዋጋ እንደተጫነ በ2004 አረጋግጧል፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2005 አጽንቶታል። አሜሪካ ሕጓን በወቅቱ ባለማስተካከሏ፣ የብራዚልን የአጸፋ ቅጣት ለማስቀረት ከ2010 ጀምሮ ለብራዚል የጥጥ ገበሬዎች ተቋም በዓመት 147.3 ሚሊዮን ዶላር ስትከፍል ቆየች፤ በኦክቶበር 2014 ደግሞ 300 ሚሊዮን ዶላር ሰጥታ ጉዳዩን ዘጋችው። የዚህ አገር ግብር ከፋይ የራሱን የጥጥ ገበሬ ለመደጎም ሲል የብራዚሉንም ደጎመ ማለት ነው። ብራዚል ጠበቃ መቅጠርና አጸፋ መመለስ የምትችል አገር ናት። በ2003 በአንድነት አቤት ያሉት ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ቻድና ማሊ ግን እንዲህ ያለ ካሳ አላገኙም። ኦክስፋም በ2007 ያሳተመው ጥናት የአሜሪካ ድጎማ ቢነሳ የዓለም የጥጥ ዋጋ ከ6 እስከ 14 በመቶ ሊጨምር ይችል እንደነበር ገምቷል። በመተማ ጥጡ አላዋጣ ሲል ገበሬው ወደ ሰሊጥ ይዞራል፤ እኔ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ስለቅም ሚዛን ላይ ቆሞ በኪሎ ይህን ያህል ብቻ ነው የሚለን ሰው ዋጋውን ከየት እንዳመጣው ያኔ አላውቅም ነበር። የቴክሳሱን አዛውንት ስረዳ የመተማውን ለቃሚ እንዳልጎዳ መጠንቀቅ ያለብኝ ይመስለኛል።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ክፍያው በቀደመው የምርት ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ይቀጥል፤ ታሪኩ ግን ከመሬቱ ተነሥቶ በሠራው ገበሬ ስም ይመዝገብ። ተከራይ ሆኖ ለተወሰኑ ዓመታት በአንድ መሬት ላይ ያረሰ ሰው፣ ውሉ ሲቋረጥ የራሱን ድርሻ ይዞ ወደሚቀጥለው መሬት የሚሄድበት ሥርዓት ይኑር። በአውሮፓ ኅብረት ከ2003ቱ ማሻሻያ ወዲህ የክፍያ መብት የገበሬው ሆኗል፤ መብቱ እንዲሸጥ በመፈቀዱ ግን የማያርሱ ሰዎች ይዘውት የሚቀመጡበት ቀዳዳ ተከፍቷል፤ ስለዚህ እዚህ ሲደረግ መብቱ እንዳይሸጥና ማረስ ሲቆም አብሮ እንዲቆም ይሁን። እንዲህ ሲሆን ገበሬው ብዙ እንዲዘራ አይገፋፋም፤ ባለመሬቱም ከመሬቱ ጋር የማይቀረውን ክፍያ ኪራይ ላይ ሊጨምር አይችልም።

ጣሪያው በእርሻ ይቆጠር፤ ሸሪክ ተብሎ የሚከፈለውም በማሳው ላይ ጉልበቱን ወይም ሙሉ ጊዜውን ለማዋሉ ማስረጃ ያለው ሰው ብቻ ይሁን። የአረቦን ድጎማም ጣሪያ ይበጅለት፤ ተቀባዮቹም እንደ ሌላው ክፍያ ይታወቁ። የ1934ቱ ውል ሰባተኛ አንቀጽ ያሰበውና ያልፈጸመው ነገርም በሚቀጥለው የእርሻ ሕግ ውስጥ ጥርስ ኖሮት ይግባ፤ መነሻ ዋጋ በተሻሻለበት ዓመትና በቀጣዩ ዓመት በድጎማ የሚታረስ መሬት ላይ ያለ ተከራይ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይነሳ፣ የመጋራት ውልም ያለ ፈቃዱ ወደ ጥሬ ገንዘብ ኪራይ እንዳይለወጥበት።

የካውንቲ ኮሚቴዎችን በሚመለከትም አንድ ቃል አለኝ። የግብርና ሚኒስቴርን መርሐ ግብሮች በየካውንቲው በማስፈጸም የሚያግዙት እነዚህ ኮሚቴዎች በገበሬዎች ድምፅ የሚመረጡ መሆናቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን የቆየ ሰው ብቻ የሚሰማበት ጠባብ ክበብ ሊሆኑ እንደሚችሉ ጥቁር ገበሬዎች በብድርና በእርዳታ አሰጣጥ ላይ ስለደረሰባቸው አድልዎ ያቀረቡትና በ1999 በስምምነት፣ በ2010ም በሌላ የ1.25 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ያለቀው የፒግፎርድ ክስ አሳይቷል። መሬት የሌላቸው ተከራዮች በየኮሚቴው የተወሰነ ወንበር ይኑራቸው።

ለወገኖቼ፣ ከእናንተ የምፈልገው ከባድ ነገር አይደለም። የምትኖሩበት ወረዳ ተወካይ የግብርና ኮሚቴ አባል ይሁን አይሁን፣ የእርሻ ሕጉ ሲመጣ ድምፅ ይሰጥበታል። ቢሮው ደውላችሁ ወይም ጽፋችሁ፣ ክፍያው ለመሬቱ ነው ወይስ ለአራሹ ብላችሁ ጠይቁት። ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነን፤ ጥያቄውን ለመጠየቅ የእርሻ ባለሙያ መሆን አያስፈልገንም።

ለኮሚቴዎቹ፣ የሚቀጥለውን የሕዝብ ምስክርነት ስብሰባ በዋሽንግተን ብቻ ሳይሆን በአዝመራው ወቅት ወደዚህ መጥታችሁ እንድታደርጉት በአክብሮት እለምናለሁ። ባለመሬቶችና ማኅበሮቻቸው ተጋብዘው ሲናገሩ ሰምተናል፤ ተከራይ ገበሬ ግን በአዝመራ ወቅት ማሽኑን ጥሎ አውሮፕላን የሚሳፈርበት ጊዜ የለውም። የጠቀስኳቸው አዛውንት ለመመስከር ፈቃደኛ ናቸው። የጥሬ ገንዘብ ኪራዩን ተቀብለው ለመፈረም ወይም መሬቱን ለመልቀቅ የተሰጣቸው ጊዜ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ስለሆነ፣ መልሳችሁን ከዚያ በፊት ብትሰጡን ደስ ይለናል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በምዕራብ ቴክሳስ የሚኖር የጥጥ ጭነት ሾፌር